የኢልማሪ ምሳ ዕቃ

ዋንጫ እንበለው እንጂ፥ ምሳ ዕቃ ነበረ፤
ኢልማሪ ራውቲዮ፥ መዳብ የቆፈረ፥
ሠላሳ አንድ ዓመት፥ ከመሬት በታች
ጨው የነካው ዓሣ ይዞበት የኖረ።
ማዕድኑ ሲዘጋ፥ ሰው አገር ሲለቅ፥
በሐዲድ ቁራጭ ላይ በየደውና
"እንኩ፥ ተጣሉበት" አለን ሳይስቅ።

ሦስት ከተሞች ነን፥ ከሱፒርየር ዳር፤
ቡድኖቻችን ሁሉ ከሊጉ ጭራ ሥር።
ቴሌቪዥን መጥቶ አንዴ ቀርጾን ነበር፥
ተመልካች ወንበር ላይ ድብ የወጣ ለታ፤
ድቡን አሳይተው
የእኛን ጎል ዘለሉት፥ በዜናው ሰዓት ማታ።

እኛ ግን አንረሳም፦
የማን በረኛ ነው ነፋስ ያታለለው፥
ማን ማንን በስንት፥ በየትኛው ጭቃ፥
ማን በሠርጉ ሌሊት ሙሽሪትን ትቶ
አቅፎ እንደተኛ ያን የቆርቆሮ ዕቃ።
ሕጉ አንድ ስንኝ ነው፤ ክዳኑን ስንከፍት
በምስማር ተጭሯል፦
"ያሸነፈ ይውሰድ፤
እኩል ከሆነ ግን ይደር ባደረበት።"

አምና ኦላቫ ወሰደው።
ዘንድሮ መጋቢት፥ በረዶው ሳይቀልጥ፥
የወረቀት ፋብሪካው በሩን ጠረቀመ፤
አጥቂው ዊስኮንሲን፥ አማካዩ መርከብ፥
አሠልጣኙ ልጁ ዘንድ፤
ክለቡ ከሰመ።
ምሳ ዕቃው ግን ቀረ
ከሲርካ ራውቲዮ ልብስ ማጠቢያ መስኮት፥
ከሳሙናው አጠገብ፥
ባለቤቱ ረስቶት እንደሄደ ሸሚዝ።

ከሌለ ቡድን ላይ ዋንጫ በምን ይነጠቃል?
ፖርት ቦይዶች "ዕጣ ይውጣ" አሉ፤
የእኛ ሊቀመንበር "ይሸጥልን" አለ።
ሲርካ ካውያዋን አቆመችና
"አባቴ የጻፈው 'ያሸነፈ' ብሎ ነው፤
'የገዛ' አላለም።
ሰው አበድሩንና፥ ከዚያ አሸንፉን።"

ተበደረች። ስድስት ከፖርት ቦይድ
(ኬለርን ለመጣል ማን ይለምናቸዋል!)፥
አራት ከእኛ፥ ከኬለር፤
የራሷ ሌስተር ብቻ፥ በረኛ፥ ሃምሳ አንድ ዓመቱ፥
የተማሪ አውቶቡስ ሾፌር።
እኔም ተቆጠርኩኝ ከአራቱ ብድር።

ቢጫ ማሊያ ሰጡኝ፥ ታጥቦ የተተኮሰ፤
ጀርባው ላይ የማላውቀው ሰው ስም፦ ሆልምበርግ።
ከወዲያ ወንድሜ ድዌይን፥ በአረንጓዴ፤
ጠዋት በእሱ መኪና ነው አብረን የመጣነው።

ጉም ከሐይቁ ወጥቶ መስመሩን ሲያጠፋ፥
አንድ አግብተን፥ አንድ ገብቶብን፥
ሰዓቱ ሲገፋ፥
ሁለት ደቂቃ ሲቀረው
ድዌይን ሌስተርን አልፎ መታት።
ኳሷ አልቸኮለችም፤
የቤት ቁጥር እያነበበ እንደሚሄድ እንግዳ
ቀስ ብላ ተንከባለለች
ወደ ባዶው መረብ።
ሆልምበርግ ነው ያወጣት፥ እኔ አይደለሁም
ብዬ ልምል ነበር፥
እግሬ ባይመሰክር።

አንድ ለአንድ። ዳኛው ነፋ።
ለአፍታ ማንም አልጨፈረም፤
ቡድን የሌላት ከተማ ዋንጫ ስትይዝ
ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም።
ከዚያ ሌስተር ሳቀ፤ ጓንቱን ሳያወልቅ
አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ጡሩንባውን ነፋ፥ ነፋ፥ ነፋ።
ሲርካ ክዳኑን በእጅጌዋ ወልውላ
ወደ መስኮቷ ይዛው ሄደች፥
ሥራ እንዳለባት ሴት።

ስንመለስ፥ ስልሳ ኪሎ ሜትር፥
ድዌይን ቃል አልወጣውም።
ጥድ፥ ጥድ፥ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ፥ ጥድ።
የኬለር ድልድይ ላይ ስንደርስ ፍሬን ያዘና
ዞሮ ሳያየኝ፦
"በግራ እግርህ ነው ያወጣሃት" አለኝ።
"አዎ" አልኩት።
"ከልጅነትህ ጀምሮ፥ ግራ እግር የለህም እያልኩህ..."

አልጨረሰውም።
ማርሽ አስገባ።